ከሊማ እስከ ሩሬናባኬ፦ ለጥንዶች የአንዲስ የየብስ ጉዞ ዝርዝር መመሪያ

በደቡብ ፔሩ አሬኪፓ የምትባል ከተማ አለች። ከፍታዋ 2,335 ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። የአንዲስን ተራሮች በየብስ ለማየት ያሰበ ሐበሻ መንገዱን ከዚህች ከተማ አስነስቶ ቢያቅድ ይበጀዋል። ይህን የተማርነው በራሳችን ላይ ደርሶ ነው።

መጀመሪያ የሄድን ጊዜ ከሊማ በአውሮፕላን ተነስተን ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሁሊያካ አረፍን። ከባሕር ዳርቻ ተነስቶ በአንድ ጊዜ 3,800 ሜትር ላይ መገኘት ማለት ነው። ባለቤቴ የደብረ ብርሃን ልጅ ስለሆነ ከፍታ የሚያሰጋው አልመሰለንም፤ ሜሪላንድ አሥራ አንድ ዓመት የኖረ ሰውነት ግን ያደገበትን አየር ከረሳ ቆይቷል። ቲቲካካ ሐይቅ ዳር ያለችው ፑኖ ገብተን ሻንጣ ሳንፈታ ራሱን ያመው ጀመር። ሁለት ሌሊት ሲያስመልሰው አደረ። ቲቲካካን በመስኮት አይተን ተመለስን።

ከሁለት ዓመት በኋላ ያንኑ አገር በአውቶቡስና በጀልባ፣ በአምስት ሳምንት ደገምነው። ደህና ሄደን ደህና ተመለስን። ከዚህ በታች የምጽፈው የሁለተኛውን ጉዞ ነው፤ ሊማ፣ አሬኪፓ፣ ኮልካ ሸለቆ፣ ቲቲካካ፣ ላ ፓዝ፣ ዩንጋስ (ከተራራው ወደ ደኑ የሚወርደው ሞቃት ሸለቆ)፣ በመጨረሻም የቦሊቪያ አማዞን ደን።

1. ወቅቱን ምረጡ

የእኛ ክረምት የእነሱ በጋ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም በተራራው ላይ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ መንገዱ ይደርቃል። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ዝናቡ ይበረታል፤ በተለይ ከላ ፓዝ ወደ ደኑ የሚወርደው መንገድ በናዳ ይዘጋል። በበጋው ወራት ቀኑ ፀሐይ ነው፣ ሌሊቱ ግን በሰኔና በሐምሌ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ በፑኖና በደሴቶቹ ላይ ርካሽ ማረፊያዎች ማሞቂያ የላቸውም። ወፍራም የሱፍ ካልሲ፣ የሌሊት ኮፍያና ከስር የሚለበስ ሙቀት ሰጪ ልብስ ለየራሳችሁ ያዙ። ለደኑም ቢሆን አንድ ጃኬት አይቅር። በዚያው ወቅት ከደቡብ "ሱራሶ" የሚሉት ቀዝቃዛ ነፋስ ይመጣና ትናንት ላብ ያጠጣችሁ ቦታ ለሁለት ለሦስት ቀን ያንቀጠቅጣችኋል።

ለምትጾሙ፦ ይህ ወቅት የሰኔን ጾምና ፍልሰታን ይዞ ነው የሚመጣው። እንዴት እንደምትመገቡ ወረድ ብዬ እጽፋለሁ።

2. ወረቀትና ክትባት

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለፔሩም ለቦሊቪያም ቪዛ ያስፈልገዋል። ከሁለታችሁ አንዱ የሌላ አገር ፓስፖርት ካለው ደንባችሁ ይለያያልና ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከቆንስላው ጠይቁ፤ "ባለቤቴ ስለተፈቀደለት እኔም" የሚባል ነገር የለም። የጋብቻ ምስክር ወረቀታችሁን ቅጂ ወደ ስፓኒሽ አስተርጉማችሁ ያዙ። አየር መንገዱ ሳይቀር የመመለሻ ቲኬት ይጠይቃል። ከአዲስ አበባ የምትነሱ ከሆነ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሳኦ ፓውሎ ይበራል፤ ከዚያ ወደ ሊማ ሌላ በረራ ትይዛላችሁ።

የቢጫ ወባ ክትባት ግዴታ ነው ብላችሁ ያዙት። ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች ቦሊቪያ ሲገቡ ካርዱን ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ከዚያም በላይ የምትሄዱበት ደን ራሱ በሽታው ያለበት ነው። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ከ2016 ጀምሮ (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ የድሮ ካርድ ላይ "10 ዓመት" የሚል ቢኖርም አትሸበሩ።

3. ከፍታውን በቅደም ተከተል ውጡት

ሌላውን ብትዘሉት እንኳ ይህን ክፍል አንብቡት፤ ጉዞው የሚቃናውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

4,000 ሜትር ላይ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚገኘው 60 በመቶ ገደማ ነው። ሰውነት ይህን ይለምዳል፣ ጊዜ ግን ይፈልጋል። የሐኪሞቹ ደንብ ቀላል ነው፦ ከ3,000 ሜትር በላይ ስትሆኑ የዛሬ መኝታችሁ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ አይብለጥ፤ በየ1,000 ሜትሩም አንድ ቀን እረፉ። ልብ በሉ፣ የሚቆጠረው የምትተኙበት ከፍታ ነው። ቀን ላይ በመኪና ከፍ ብሎ አልፎ ዝቅ ብሎ መተኛት ብዙም አይጎዳም።

እኛ የያዝነው ቅደም ተከተል ይህ ነበር፦

ሊማ፣ ባሕር ጠለል፣ 2 ሌሊት።
አሬኪፓ፣ 2,335 ሜትር፣ 3 ሌሊት። ሩጫ የለም፤ ሥራችሁ መራመድና መብላት ነው።
ካባናኮንዴ (ኮልካ ሸለቆ)፣ 3,287 ሜትር፣ 3 ሌሊት። መንገዱ ፓታፓምፓ በሚባል 4,910 ሜትር በር ላይ ያልፋል፤ ከራስ ዳሸን ጫፍ ይበልጣል። ከመኪና ወርዳችሁ ፎቶ አንሱ፣ አትሩጡ፣ ተመለሱ።
ፑኖና የቲቲካካ ደሴቶች፣ 3,800 ሜትር ገደማ፣ 5 ሌሊት።
ኮፓካባና (ሐይቁ ዳር፣ በቦሊቪያ በኩል)፣ 3,841 ሜትር፣ 2 ሌሊት።
ላ ፓዝ፣ 3,640 ሜትር፣ 4 ሌሊት።
ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ቁልቁለት ነው።

አስተውሉ፦ ከአሬኪፓ ወደ ካባናኮንዴ ያለው ዝላይ ከደንቡ ይበልጣል። ለዚህ ነው አሬኪፓ ላይ ሦስት ሌሊት ያልኩት፤ ካባናኮንዴ የደረሳችሁበት ማግስትም ሙሉ ዕረፍት ይሁን። ብዙ ሰው የሚያድረው ቺቫይ ነው፤ እሱ ግን 3,635 ሜትር ስለሆነ ለመጀመሪያ ሌሊት አልመርጠውም።

አሴታዞላማይድ የሚባል መከላከያ መድኃኒት አለ፤ ብዙውን ጊዜ 125 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከመውጣት አንድ ቀን ቀደም ብሎ ይጀመራል። ጣት ይቆነጥጣል፣ ቶሎ ቶሎ ያሸናል። ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር መውሰድ የለበትም፤ ሌላውም ቢሆን ቢያማክር ጥሩ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች አልኮል ተዉ፣ የእንቅልፍ ክኒን አትንኩ።

አሁን ስለ ሁለታችሁ። የከፍታ ሕመም፣ እዚያ "ሶሮቼ" ይሉታል፣ የታመመውን ሰው የሚያሞኝ ነው። "ደህና ነኝ፣ ርቦኝ ነው" ይላችኋል። የመጀመሪያው ጊዜ ባለቤቴ ያለኝ ይህንኑ ነበር። ስለዚህ ገና ቤታችሁ ሳላችሁ ተስማሙ፦ አንዱ ሲታመም የሚወስነው ጤነኛው ነው፣ ክርክር የለም። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ወይም ምግብ ከመጥላት ጋር ከመጣ በዚያ ቀን ከፍ አይባልም። የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው እግር ጣት ጋር እያገጣጠመ ቀጥ ባለ መስመር መሄድ ካቃተው፣ ወይም ቁጭ ብሎ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ነገሩ አንጎል ወይም ሳንባ ጋ ደርሷል ማለት ነው። ሌሊትም ቢሆን ኦክስጅን ወዳለበት ሐኪም ቤት ውሰዱት፤ ከዚያም ዝቅ ወዳለ ቦታ አውርዱት። ነገ ይታያል ብሎ መጠበቅ ሰው ገድሏል።

በየቀኑ የመንገዱን ልክ የሚወስነውም ከሁለታችሁ ቀድሞ ትንፋሽ የሚያጥረው ነው። እሱ ወይም እሷ ከፊት ይሂዱ፤ ፈጣኑ ከኋላ ይከተል። ፈጣኑ ከፊት ከሆነ እየቆመ ይጠብቃል፣ ደካማው ሲደርስበት ያረፈው ሰው ይነሳል፤ ደካማው ሳያርፍ ቀኑ ያልቃል። ይህችን አንዲት ነገር ብቻ በመለወጣችን ኮልካ ላይ ጠብ አልነበረንም።

4. አውቶቡስ

ከሊማ እስከ አሬኪፓ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከ15 እስከ 17 ሰዓት ይወስዳል። ወንበሩ "ሴሚ ካማ" ከተባለ በከፊል ይተኛል፣ "ካማ" ከተባለ ከሞላ ጎደል ይዘረጋል። ለዚህ አንድ ሌሊት ካማ ግዙ፤ ገንዘቡ የአንድ ማረፊያ ሌሊት ይተካል። ፎቅ አውቶቡስ ላይ ሁሉም ሰው ከላይ ፊት ለፊት ያለውን ወንበር ይፈልጋል፣ እይታው ያምራልና። እኔ ግን ታችኛው ፎቅ መሐሉን እመርጣለሁ፤ በጠመዝማዛው ላይ አይወዛወዝም፣ ግጭት ቢመጣም ከፊት ያለው ነው ቀድሞ የሚጎዳው።

ሌሊት የምንሄደው በባሕር ዳሩ መንገድ ብቻ ነበር። ተራራ በቀን ይታለፋል። ይህ ለደኅንነትም፣ ለዓይንም ነው፤ ከአሬኪፓ ወደ ኮልካ በሚወስደው ሜዳ ላይ ቪኩኛዎች፣ የላማ የዱር ዘመዶች፣ በመንጋ ሲግጡ በጨለማ አይታዩም።

መናኸሪያዎቹ ከቲኬቱ ሌላ "ታሳ" የሚሉት የመሳፈሪያ ክፍያ አላቸው። በተለየ መስኮት ይከፈላል፤ ሳትከፍሉ በሩ ላይ ያስመልሷችኋል። ሳንቲም ያዙ። ትልቁን ሻንጣ ለጫኚው ስታስረክቡ የሚሰጣችሁን ቁራጭ ወረቀት አትጣሉ። ትንሹን ቦርሳ ከራስ በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ አታስቀምጡ፣ ከወንበርም ስር አታስገቡ። ጭን ላይ ይሁን፣ ማንገቻው እግር ላይ ይጠምጠም። እኛ አንድ ጊዜ እንቅልፍ ሲጥለን ላይ ሰቅለነው ካሜራችን ከነፎቶው ጠፋ፤ ማንም አላየም፣ ማንም አልተጠየቀም።

መንገድ መዘጋት የዚያ አገር የተቃውሞ ቋንቋ ነው። በፔሩ "ፓሮ"፣ በቦሊቪያ "ብሎኬዮ" ይሉታል። ገበሬው፣ ማዕድን ቆፋሪው፣ ሾፌሩ ቅሬታ ሲኖረው ድንጋይና ጎማ አስፋልት ላይ ያደርጋል። የቦሊቪያ የመንገድ ባለሥልጣን የትኛው መንገድ ክፍት እንደሆነ በካርታ ያሳያል፤ ከመነሳታችሁ በፊት በነበረው ማታ እሱን እዩ፣ መናኸሪያም ጠይቁ። ከአምስት ሳምንት ውስጥ አራት ቀን ምንም ሳታስይዙበት ተዉት። በመንገድ ቀን ሁሉ ሁለት ሊትር ውኃ፣ ዳቦና ጥሬ ገንዘብ ከእጃችሁ አይለይ። ከዘጊዎቹ ጋር አትከራከሩ፤ የአገሬው ሰው ዕቃውን ተሸክሞ በእግሩ ካለፈና ማዶ ሌላ መኪና ከያዘ እናንተም እንደሱ አድርጉ።

5. አልጋ፣ ገንዘብ፣ ገበታ

ክፍል ስትጠይቁ "ዶብሌ" ካላችሁ ሁለት አልጋ ይሰጧችኋል። አንድ ሰፊ አልጋ ከፈለጋችሁ ቃሉ "ማትሪሞኒያል" ነው። ቀጥሎ "አጓ ካሊየንቴ" በሉ፣ ሙቅ ውኃ ማለት ነው፤ "አለ" ሲሏችሁ ግቡና ቧንቧውን ከፍታችሁ በእጃችሁ ሞክሩ። ውኃው በሻወሩ ራስ ላይ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ከሆነ ሽቦውን አትንኩ።

ሁለት የባንክ ካርድ በሁለት ሰው ኪስ ይደር፤ ሁለቱም በአንድ ቦርሳ ከሆኑ አንድ ካርድ እንዳላችሁ ቁጠሩት። ዶላር ከያዛችሁ ጫፉ የተቀደደ ወይም የተጻፈበት ኖት ማንም አይቀበልም። ገጠር ውስጥ ትልቅ ኖት የሚዘረዝር የለምና ከተማ ላይ ዘርዝራችሁ ውጡ።

ምሳ ላይ "ሜኑ" በሉ፤ ሾርባ፣ ዋና ምግብና መጠጥ በአንድ ዋጋ ይመጣል። ኪኑዋ እንደ ጤፍ ደቃቅና ግሉተን የሌለበት እህል ነው፤ ሾርባው በብርድ አገር ነፍስ ይዘራል። ለጾመኛ ግን "ሲን ካርኔ" ማለት አይበቃም፤ ብዙ ቦታ ካርኔ ማለት የበሬ ሥጋ ብቻ ስለሆነ ዶሮ ይዘው ይመጣሉ። እንዲህ በሉ፦ "ሲን ካርኔ፣ ሲን ፖዮ፣ ሲን ኬሶ፣ ሲን ሌቼ፣ ሲን ኡዌቮ፣ ሲን ካልዶ።" የመጨረሻዋ ቃል መረቅ ናት፤ እሷን ካልጨመራችሁ ሾርባው በአጥንት የተቀቀለ ይሆናል። ቦሊቪያ ስትገቡ "ያኹዋ" የሚሉት ከሎኮቶ ቃሪያና ከቲማቲም የተፈጨ ማባያ አለ። ዳጣ የናፈቀው ሰው ድንች በዚያ እየነከረ ይጾማል።

አሬኪፓ ላይ አንድ ቀን ተለያዩ። ባለቤቴ ገበያ ሲዞር ዋለ፣ እኔ በ1579 በተመሠረተው የሳንታ ካታሊና ገዳም ውስጥ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ነበርኩ፤ ከነጭ እሳተ ገሞራ ድንጋይ የታነጸ፣ የራሱ መንገዶች ያሉት ትንሽ ከተማ ነው። አምስት ሳምንት ሙሉ አንድ ሰው ብቻ ሲያዩ ማታ የሚያወሩት ያልቃል፤ ተለያይተን በዋልንበት ማታ ግን እራት ላይ ወሬ አላለቀብንም።

6. ኮልካ

ሸለቆው ከ3,000 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። ኮንዶር የሚባለውን ግዙፍ አሞራ ለማየት "ክሩስ ዴል ኮንዶር" ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ድረሱ፤ ወፎቹ የሚነሱት አየሩ ሞቆ ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር ነው። ክንፉ ሲዘረጋ ሦስት ሜትር ይሆናል፤ አንዱ ከበታቻችን ተነስቶ በፊታችን ሲያልፍ ላባው ነፋሱን ሲሰነጥቅ ይሰማ ነበር።

ወደ ታች ወደ ሳንጋዬ መውረድ የሚፈልግ መመለሻው ከ1,000 ሜትር በላይ ዳገት መሆኑን ይወቅ። ፀሐይ ሳትወጣ ተነሱ፣ ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር ውኃ ያዙ። ጉልበቱ የሚያመው ሰው በበቅሎ ይውጣ።

7. ደሴቶቹ

ኡሮስ የሚባሉት ተንሳፋፊ ደሴቶች "ቶቶራ" በሚሉት ሸምበቆ ይሠራሉ፤ ጣና ላይ የደንገል ታንኳ ያየ ሰው ሙያውን ወዲያው ይረዳል። ለቱሪስት የተዘጋጀ ነውና አንድ ሰዓት ይበቃል። ጊዜያችሁን ለአማንታኒና ለታኪሌ አቆዩት።

አማንታኒ ላይ ሆቴል አትፈልጉ፤ ቤተሰቦች ተራ ይዘው እንግዳ ያሳድራሉ። ከፑኖ ጀልባው ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ከረሜላ አትያዙ፤ ሩዝ፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ፍራፍሬ ያዙ፤ ደሴት ላይ እነዚህ ሁሉ በጀልባ ነው የሚመጡት። ክፍያውን ለራሷ ለቤቲቱ እመቤት በእጇ ስጡ። እራት ኪኑዋ ሾርባ፣ ድንችና የተጠበሰ አይብ ነው፤ ቀጥሎ "ሙኛ" የሚባል የተራራ ቅጠል ሻይ ይመጣል። ያሳደረችን ሴት ልጇን በቀለማም ጨርቅ አዝላ ነበር ሾርባውን የምታማስለው። ጨርቁን እንዴት እንደምታስር እጄን ይዛ አሳየችኝ፤ አንቀልባ ባይሆንም አዘላዘሉ የእናቴ ነበር።

ታኪሌ ላይ ሹራብ የሚሠሩት ወንዶቹ ናቸው። ባለትዳር ወንድ ቀይ ኮፍያ ያደርጋል፣ ያላገባው ጫፉ ነጭ የሆነውን። ሸማኔነቱ በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው። ዋጋ የሚወስነው የደሴቱ ኅብረት ስለሆነ አትከራከሩ፤ አንድ ኮፍያ ሳምንታት የሚፈጅ ሥራ ነው።

ስለ ቋንቋ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ በጣም ያስደሰተኝ ነገር ነው። በደሴቶቹ ላይ ኬችዋ፣ በኡሮስና በቦሊቪያ በኩል አይማራ ይነገራል። ሁለቱም ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጰ ድምፆች አሏቸው። ፈረንጆቹ ዓመት ተምረው የሚያቅታቸውን እኛ ከእናታችን ጡት ጋር ጠብተነዋል። ሌሊት በውርጭ ቀን በፀሐይ የሚደርቀው ድንች በፊደላችን ልክ ነው፦ ጩኙ። በአይማራ ዳቦ "ጣንጣ" ነው። "ካሚሳራኪ" ብላችሁ ሰላም በሉ፣ መልሱ "ዋሊኪ" ነው። ገበያ ላይ አንዲት ባልቴት "ጩኙ" ስላት ቅርጫቷን ትታ ቀና አለች፤ ደግሜ እንድለው ጠየቀችኝ፣ ከጎኗ ያሉትንም ጠርታ አሰማች።

8. ድንበር

ከፑኖ በዩንጉዮ አድርጎ ካሳኒ ላይ ይሻገራል። የፔሩ መውጫችሁ መመዝገቡን አረጋግጡ፣ በእግር ተሻገሩ፣ ቦሊቪያ አስመዝግቡ። ሰዓታችሁን አንድ ሰዓት ወደፊት አድርጉ። ኮፓካባና ላይ ቲቶ ዩፓንኪ የሚባል የአገሬው ሰው በ1580ዎቹ የቀረጸው የእመቤታችን ምስል አለ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ሰዎች መኪናቸውን በአበባ አስጊጠው ያስባርካሉ። ወደ ላ ፓዝ ስትሄዱ ቲኪና በሚባለው የሐይቁ ጠባብ መሻገሪያ ላይ አውቶቡሱ በጠፍጣፋ ጀልባ፣ ሰዉ በሌላ ጀልባ ይሻገራል። ስትወርዱ የአውቶቡሱን ታርጋ ፎቶ አንሱ፣ ፓስፖርትና ገንዘብ ይዛችሁ ውረዱ።

9. ላ ፓዝ

ከተማዋ በገደል ውስጥ ናት፣ ኤል አልቶ ከበላይዋ 4,150 ሜትር ላይ። ሁለቱን ከ2014 ጀምሮ በገመድ የሚሄድ የሕዝብ ትራንስፖርት ያገናኛቸዋል፤ አሁን አሥር መስመር አለው። ሐሙስ ወይም እሑድ በቀዩ መስመር ወደ ኤል አልቶ ገበያ ውጡ፤ ትንሽ ገንዘብ ብቻ ያዙ። ጠዋት ላይ ሳልቴኛ የሚሉትን፣ ሥጋና መረቅ በውስጡ የያዘ እንደ ሳምቡሳ ያለ ምግብ ብሉ፤ መረቁ ልብስ ላይ እንዳይፈስ ጫፉን ነክሳችሁ መጀመሪያ መረቁን ጠጡ።

10. ቁልቁል ወደ ዩንጋስ

ቪያ ፋቲማ ከሚባለው ሰፈር ሚኒባስ ያዙ። በቀን፣ ከረፋዱ በፊት ሂዱ። መንገዱ 4,650 ሜትር ላይ ያለውን ላ ኩምብሬ አልፎ ወደ ታች ይወረወራል፤ በሦስት ሰዓት ውስጥ ከበረዶ ወደ ሙዝ ትደርሳላችሁ። ጆሮ ስለሚዘጋ ማስቲካ ያዙ። ድሮ "የሞት መንገድ" የተባለው አሮጌው መንገድ ዛሬ በብስክሌት ለሚወርዱ ቀርቷል፤ እኛ አልሞከርነውም፣ ሞክሩም አልልም።

ኮሮይኮ ሦስት ሌሊት እደሩ። እንቅልፋችሁ ይመለሳል፣ ደረታችሁ ይከፈታል። ከአጠገቡ ቶካኛ የምትባል መንደር አለች፤ ነዋሪዎቿ ስፔናውያን በባርነት ያመጧቸው የአፍሪካውያን የልጅ ልጆች ናቸው። በ2009ኙ ሕገ መንግሥት ከአገሪቱ ሕዝቦች አንዱ ሆነው ታውቀዋል፤ ከበሮና መዝሙራቸው "ሳያ" ይባላል። እንደ ትርኢት አትሂዱባቸው። ቡና ግዙ፣ ተቀመጡ፣ ተጫወቱ። አንዲት አሮጊት የባለቤቴን እጅ ይዘው "አፍሪካ ተራራ አለ?" ብለው ጠየቁት። ስልኩን አውጥቶ የደብረ ብርሃንን የገብስ ማሳ አሳያቸው። ብዙ ካዩት በኋላ "ይኸማ አልቲፕላኖ ነው" አሉ፤ የአገራቸውን ደጋ ሜዳ ማለታቸው ነው።

ከዚያ ወደ ካራናቪ ስትወርዱ መንገዱ ዳር ቡና በሸራ ላይ ተሰጥቶ ታያላችሁ። ከእኛ ጫካ የወጣው አረቢካ ነው። ቆማችሁ አሽትቱት።

11. ደኑ

ሩሬናባኬ በቤኒ ወንዝ ዳር ያለች ከ300 ሜትር በታች የሆነች ከተማ ናት። ከዚያ ሁለት መንገድ አለ፦ በሳንታ ሮሳ በኩል ወደ ፓምፓስ፣ ወይም በወንዝ ወደ ማዲዲ ብሔራዊ ፓርክ። እንስሳ በብዛት ማየት የፈለገ ፓምፓስን ይምረጥ፤ ሜዳው ግልጥ ስለሆነ ካይማን (የአዞ ዘመድ)፣ ካፒባራ (አይጥ መሰል ትልቅ እንስሳ)ና ሮዝ ዶልፊን ከጀልባ ይታያሉ። ማዲዲ ግን ደን ነው፤ ከማየት ይልቅ መስማት ይበዛዋል። ጊዜ ካላችሁ ማዲዲ። በቱይቺ ወንዝ ላይ የሳን ሆሴ ደ ኡቹፒያሞናስ ነዋሪዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሩት ቻላላን የሚባል ማረፊያ አለ፤ የምትከፍሉት ደኑን ለሚጠብቀው ሕዝብ ይደርሳል።

አስጎብኚ ስትመርጡ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ "አናኮንዳ እናስይዛችኋለን ትላላችሁ?" አዎ ካለ ሌላ ፈልጉ። እባቡን የሚያስይዝና ዝንጀሮውን የሚያበላ ሰው ደኑን እየገደለ ነው።

ረጅም እጅጌና ረጅም ሱሪ፣ ፈዘዝ ያለ ቀለም። ፀሐይ መከላከያ መጀመሪያ ይቀባል፣ የትንኝ መከላከያው ከላዩ። ስለ ወባ መድኃኒት ሐኪማችሁን ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። የማይድን ቁስል ካያችሁ ከተመለሳችሁ ወራት ቢያልፉም ደን ውስጥ እንደነበራችሁ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ሌይሽማኒያሲስ የሚባለው ቆዳ የሚያቆስል በሽታ እዚያ አለ።

ማታ መብራት አጥፍታችሁ ደጅ ላይ ቁጭ በሉ። እኛ ሁለተኛው ሌሊት ላይ እንዲህ ተቀምጠን ሳለ ባለቤቴ በጥልቀት ተነፈሰና "ሳላስበው መተንፈስ ከጀመርኩ ስንት ቀኔ ነው?" አለኝ። ቆጠርንለት። ሰባት ቀኑ ነበር።

12. መመለስ

በአውሮፕላን ወደ ላ ፓዝ ከተመለሳችሁ የምታርፉት ኤል አልቶ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ሳምንት ሙሉ ከታች ስለቆያችሁ ሰውነታችሁ እንደ አዲስ ሊቸገር ይችላል። ወዲያው ወደ ደቡብ ሰፈር፣ ወደ ካላኮቶ ውረዱ፤ ከመሐል ከተማው በጥቂት መቶ ሜትሮች ዝቅ ይላል። ዝናብ በረራውን ስለሚሰርዘው ከዓለም አቀፍ በረራችሁ በፊት ሁለት ሙሉ ቀን አስቀሩ።

ሻንጣ ስትዘጉ ኪሶችን ሁሉ ፈትሹ። የኮካ ሻይ በፔሩና በቦሊቪያ ሕጋዊ ነው፣ በየማረፊያው ይቀርባል፤ ከረጢቷን ግን ወደ አሜሪካ ማስገባት ክልክል ነው። ሻዩን ጠጥታችሁ ከሆነም በመሥሪያ ቤት የሽንት ምርመራ ላይ ሊታይ ስለሚችል፣ ምርመራ ያለበት ሥራ የምትሠሩ ከመጀመሪያው ሙኛ ጠጡ።